ደረቱን የነካው ዱላ

በዚያ ቀን ሽማግሌ ከሚቀመጥበት ወይራ ሥር ከእኔ ሌላ የነበሩት የአጥቢያው ቄስ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ በድንበር የተካሰሱት ሁለት ገበሬዎች፣ የከሳሹ ሚስትና ሁለት ወንዶች ልጆቹ፣ እንዲሁም ለክትባት ከላሊበላ ወጥቶ ከጥላው የተጠጋ አንድ ወጣት ጤና መኮንን ናቸው። የከሳሹ ሚስት የተከሳሹ እኅት ነበረች።

ጊዜው ከመሬት ሽግሽጉ በኋላ ነው። ያን ዘመን የድንበር ድንጋይ የማያጣላው ዘመድ ጥቂት ነበር። በአገራችን ደግሞ በሽማግሌ ቀን የቀረ ሰው እንደተረታ ይቆጠራል። ከሳሹ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ላቡ በአንገቱ እየወረደ መጣ። ሁላችንም ቁጣ ነው ብለን አለፍነው።

«ሌሊት ማሳዬ የሚገባ ጅብና አንተ ብቻ ናችሁ» አለ፣ ገና ሳይቀመጥ።

«ጅብማ ሥጋ ካለበት ነው የሚሄደው። ያንተ ማሳ ከድንጋይ በቀር ምን ያበቅላል?» አለ ተከሳሹ።

ከሳሹ ተወርውሮ ተነሣ። ተከሳሹ እንዳይደርስበት ዱላውን ዘረጋ፤ ጫፉ የከሳሹን ደረት ነካ። ከሳሹ ደረቱን በጡጫው ጨምድዶ ተንበረከከ፤ አስመለሰውና በጎኑ ወደቀ።

«ገደለው» አለ ታናሹ ልጅ።

ታላቁ የመጥረቢያ እጀታ ይዞ ነበር። በመጀመሪያው ምት የአጎቱ ጆሮ ተቀደደ፤ ደሙ የቄሱን ነጠላ አራሰው። በሁለተኛው የትከሻው አጥንት ሲሰበር ድምፁን ሁላችንም ሰማን። የታላቁን ወገብ ይዤ ልጎትተው ስል በክርኑ አፌን መታኝ፤ ጥርሴን ከደም ጋር ተፋሁ። ታናሹ ድንጋይ አንሥቶ የወደቀውን አጎቱን ጉልበት ይቀጠቅጥ ነበር። ሽማግሌዎቹ በአጎትየው ላይ ተኝተው አስጣሉት።

በዚያ ሁሉ መካከል ጤና መኮንኑ ብቻውን ከበሽተኛው አጠገብ ተንበርክኮ ነበር። «ያኝኩት አባቴ፣ አይዋጡት» እያለ አስፕሪን በአፉ አደረገለት። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረ።

«ዱላው አይደለም። ልብን ራሱን የሚመግብ የደም ሥር አለ፤ እሱ ነው የተደፈነው።»

«ደም የሞላው ልብ ደም ተራበ ትለኛለህ?» አለ ታላቁ። «ወፍጮ ቤት ገብቶ በረኀብ የሞተ አይጥ አይተህ ታውቃለህ?»

«የውኃ ወፍጮ ወንዝ ዳር ቆሞም ቦዩ ከተደፈነ አይዞርም። ሕመሙ መቼ ጀመራቸው?»

ዐይን ሁሉ ወደ ሚስቲቱ ሄደ። ሰውየው ቢሞትና ገዳዩ ዱላው ነው ከተባለ ልጆቹ ደም መላሽ ይሆናሉ፤ ወንድሟ ከዚያች ቀን አያልፍም።

«ጎህ ሲቀድ» አለች። «በሬ ሊጠምዱ ወጥተው ግራ ክንዳቸውን ጨብጠው ተቀመጡ። ‹ዛሬስ ይቅሩ› ብላቸው ‹ብቀር ይረታኛል› አሉኝ።»

«የአባቴን ደም ለወንድምሽ ልትሸጪ ነው?» ታናሹ ድንጋዩን በእናቱ ላይ አነሣ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው በመካከል ገቡ።

«ባሌን በሐሰት አላለቅሳቸውም» አለች፤ ከቦታዋም አልተነቃነቀችም።

በሽተኛውን በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ላሊበላ አቀናን። ከተማው ሳይታየን ሞተ።

ከሬሳው ኋላ ስንሄድ ጤና መኮንኑ አስረዳኝ። የቀድሞ የሕክምና መምህራን የደም ሥሩ እንደ ዛገ ቧንቧ ቀስ በቀስ ጠብቦ የሚዘጋ ይመስላቸው ነበር። አሁን የሚታወቀው ግን በሥሩ ግድግዳ የተከማቸው ስብ ስስ ሽፋኑ በድንገት ሲቀደድ ደም በላዩ እንደሚረጋ ነው። በትልልቅ ከተሞች በሽተኛው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከደረሰ የረጋውን የሚያሟሟ መድኃኒት ይሰጣል። እሱ በቦርሳው የነበረው አስፕሪን ብቻ ነበር።

«የጠዋቱ ሕመም እውነት ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነገር ግን ብርቱ ቁጣም ያንን ሽፋን ሊቀድ ይችላል የሚሉ አሉ። ጠዋት የጀመረውን የጨረሰው ጥሉ ይሁን አይሁን አላውቅም። እዚያ ይህን ብናገር ቀብሩ ሁለት ይሆን ነበር፣ ጋሼ።»

ከቀብሩ በኋላ ታላቁን ልጅ ደም እንዳይፈልግ ልናስምለው ከወይራው ሥር ተሰበሰብን። ከመሐላ በፊት ቄሱ እንደ ሥርዓቱ «መሐላውን የሚያፈርስ ነገር የሚያውቅ ይናገር፤ አውቆ የሸሸገ በሐሰት እንደማለ ይቆጠራል» ብለው ጠየቁ። ዐይናቸው በእያንዳንዳችን ላይ እየዞረ እኔ ዘንድ ሲደርስ ትንሽ ቆየ። የተሰበረው ትከሻ በነጠላ ታስሮ፣ ያበጠው ጉልበት ተዘርግቶ ከፊቴ ነበር። ዝም አልሁ። እነዚያ ሰዎች በሕይወት ሳሉም አልጻፍሁትም።

ታላቁ ልጅ መስቀሉን ሳመ፤ አጎቱን ግን ቀና ብሎ አላየውም። ታናሹ መሐላውን ሸሽቶ ወደ ኮን ከተማ በሚወስደው መንገድ መሄዱን ሰማን፤ መጥረቢያም ይዞ ነበር። ጤና መኮንኑ ወደ ክትባቱ ተመልሷል። ከወይራው ሥር የቀረነው ቄሱ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ እናትና ልጅ፣ የተመታው ወንድሟ እና እኔ፣ ሰባት ነበርን።