የኔታ ላቀው ሳይሰሙት የቀረው የመርከቧ መጨረሻ

ዛሬ ጠዋት ስንዱ ደውላ «የኔታ ላቀው ዐረፉ» ስትለኝ፣ የመለስኩላት «ከማን ሰማሽ?» ብዬ ነው። «ከባለቤታቸው፣ ከእትዬ ጥሩወርቅ ከራሳቸው» አለችኝ። ቢሆንም ስልኩን ዘግቼ ቤታቸው ደወልኩ። እንደ ወትሮው የኔታ አንስተው «አቤት ልጄ» የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። ያነሳው የማላውቀው ድምፅ ነው። ከኋላው ለቅሶ ይሰማል።

አሁን ከቀብር ተመልሻለሁ። መቀመጥ አልቻልኩም። ጥቂት እጽፋለሁ፣ እነሣለሁ፣ በመስኮት ወደ ጉና ተራራ አያለሁ፣ ተመልሼ የጻፍኩትን እሰርዛለሁ።

ለማታውቋቸው፦ የኔታ ላቀው በትርጓሜ ቤት አድገው፣ ከዚያም ደብረ ታቦር ውስጥ ለብዙ ዘመን አማርኛ ያስተማሩ ሰው ነበሩ። እኔ ከሌላ አካባቢ ወደዚህ የመጣሁ የውኃ ምሕንድስና መምህር ነኝ። ስንዱ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ናት። ሦስታችንን ያገናኘን አንድ መጽሐፍ ነው፤ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ርእሱም ደራሲውም የማይታወቅ፣ ወደ አማርኛ የተተረጎመ የባሕር ላይ ልብ ወለድ። እኛ «መርከቧ» እንለዋለን።

ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በየኔታ ቤት ተሰብስበን በየተራ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናነባለን። ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው፦ ማንም ቀድሞ አያነብም። ንባቡ ሲያበቃ መጽሐፉን እንደ ዳዊት በቆዳ ማኅደር ከተው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። እስከ ቅዳሜ እሳቸውም አያወርዱትም።

የኔታ ባሕር አይተው አያውቁም። «ማዕበል» የሚል ቃል ያገኘን ዕለት ግን በጋፋት መንገድ ይዘውን ወጡና ነፋስ የሚያስተኛውን ገብስ አሳዩን። «ይኸው። አሁን መርከቧን ከላዩ አስቀምጧት» አሉ።

ከሁሉ የማይረሳኝ የብረት በሩ ክርክር ነው። ከመርከበኞቹ መካከል ያለ አንድ ከዳተኛ ወደ መርከቧ ውኃ አስገብቷል። የሞተር ክፍሉ እየሞላ ነው። ካፒቴኑ፣ የልብ ወዳጁ የሆነው መካኒክ ከውስጥ እያለ፣ በሩን ይዘጋዋል።

«ነፍሰ ገዳይ ነው» አለች ስንዱ።

እኔ በወረቀት ሥዬ አሳየኋት። በሩ ክፍት ቢቆይ መርከቧ ከነሰዎቿ ትሰጥማለች። «ሌላ ምርጫ አልነበረውም» አልኳት።

«አንተ ደግሞ ሰውየውን ቧንቧ አደረግኸው!»

የኔታ በእጃቸው ዝም አሰኙን። በትርጓሜ ቤት ለአንድ ንባብ «አንድም» እየተባለ ፍቺ በፍቺ ላይ እንደሚደረደር፣ እሳቸውም ጀመሩ። «አንድም፣ ብዙዎቹን ለማትረፍ ዘጋው። አንድም፣ ፈርቶ ዘጋው፤ ምክንያቱን በኋላ አገኘለት።»

እትዬ ጥሩወርቅ ከጓዳ ጮኹ። «መጀመሪያ ውኃውን ያስገባው ማነው? የመርከቧ ወጥ ሠሪ ነው! ከጥንቱም አላማረኝ!»

«አንቺ ደግሞ ወጥ በሠራ ሰው ሁሉ ትቀኛለሽ» አሉ የኔታ።

«መርከብ እየሰጠመ ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው ጤነኛ ነው?»

ስቀን ስናበቃ «ሦስተኛውስ፣ የኔታ?» አልኳቸው። የራሳቸውን ፍቺ ሁልጊዜ ለመጨረሻ እንደሚያቆዩ አውቃለሁ።

«አንድም ይቀራል» አሉኝ። ዘወትር የሚሏት ቃል ናት። «መጽሐፉ ሳያልቅ በሰው አይፈረድም።»

ባለፈው ቅዳሜ ባነበብነው ክፍል ካፒቴኑ ተመልሶ መጣና እጁን በበሩ እጀታ ላይ አሳረፈ። ልክ እዚያ ላይ በረዶ ጣለ፤ የቆርቆሮው ጩኸት ንባቡን ዋጠው። የቀረው ጥቂት ገጽ ስለነበር ጮኼ ልጨርሰው አልኩ።

«ይደር» አሉ የኔታ። «እኛ እንቸኩላለን እንጂ እሱ እጁ በሩ ላይ ነው። የት ይሄዳል?»

ያን ዕለት የሕመም ምልክት አይቼባቸው እንደሆነ ከጠዋት ጀምሮ ደጋግሜ አስባለሁ። አላየሁም። ወይም አላስተዋልኩም፤ አሁን ሁለቱን መለየት አልችልም።

ዛሬ ከቀብር መልስ እትዬ ጥሩወርቅ ማኅደሩን ከግድግዳው አውርደው እቅፌ ውስጥ አኖሩት። «ቅዳሜ ሠልስቱ ነው። መጥታችሁ ጨርሱት» አሉ።

አጠገባችን የነበሩ አንድ ቄስ ደነገጡ። «በለቅሶ ቤት ልብ ወለድ?»

«ዳዊቱን እናንተ ድገሙለት፤ መርከቧን እነሱ ያነቡለታል» አሏቸው እትዬ። ቀጥለውም ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሦስተኛውን ለእኔም አልነገረኝም» አሉኝ።

ዕረፍት የነሣኝ ይህ ነው። ማኅደሩ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ማሰሪያውን ፈትቼ፣ ሳልከፍተው መልሼ አስሬዋለሁ። በሩ ይከፈት እንደሆነ አሁኑኑ ማወቅ እችላለሁ። ከየትኛውም ገጽ የማላገኘው የእሳቸውን ፍቺ ነው። ካፒቴኑ ትክክል ነው ብዬ በስሌት የተከራከርኩ ሰው ነኝ፤ ዛሬ የሬሣ ሣጥኑ ክዳን ሲዘጋ ግን ስሌቴን አላመንኩትም። ይህን ልነግር የምፈልገው ለእሳቸው ነበር።

የኔታ፣ ደህና ይሂዱ። ባሕሩ እንደ ጋፋት ገብስ ይለስልስልዎ።

ሕግዎን አልሻርኩም፤ ቀድሜ አላነብም። ቅዳሜ ስንዱ ትጀምራለች፣ እኔ እጨርሳለሁ። እትዬም በወጥ ሠሪው ላይ መፍረዳቸው አይቀርም። በሩ ቢከፈትም ባይከፈትም የስንዱን ፍቺ እንሰማለን፣ የእኔንም የተለወጠውን እናገራለሁ። ከዚያ «አንድም» እላለሁ፤ የቀረውን ለአንቱ ትቼ መጽሐፉን እዘጋለሁ።