የሞትሁበት ፊልም ሲሸለም

ከቤት የወጣሁ ማታ ዝናቡ ሰፈራችንን ዓባይ ማዶን አጥለቅልቆት ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቆማ አንድ ጊዜ ሰማዩን፣ አንድ ጊዜ ጫማዬን እያየች “በዚህ ጭቃ ወዴት ነው? ነገ ብትሄድስ?” ትለኛለች። ነገም እንደማትለቀኝ ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ ደግሞ ዓይኗን ካየሁ እቀራለሁ ብዬ ፈርቼ፣ የጎረቤት በግ ዝናብ ሲደበድበው ቆሜ አያለሁ። “እማ፣ ሱዳን እኮ ቅርብ ነው፣ እንደ ደረስሁ እደውላለሁ” አልኋት። “በል ሂድ፣ ልቤ ሳይለወጥ” አለችና ጀርባዬን ገፋ አደረገችኝ። እህል የጫነው አይሱዙ አስፋልቱ ዳር ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር፤ ሳይነጋ ይፋግንም ማክሰኝትንም አልፈን ሄድን።

ለማታውቁኝ፣ ቻላቸው እባላለሁ። ዓባይ ማዶ፣ ባጃጆቹ ከሚሰለፉበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ፍላሽ ላይ ፊልም የምጭን ልጅ ነበርሁ። ደንበኛ መጥቶ “አሪፍ ፊልም ጫንልኝ” ሲለኝ “የሚያስለቅስ ነው የሚያጋድል?” ብዬ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ሱቄ ደጃፍ ላይ ክርክር ጠፍቶ አያውቅም፤ የህንድ ወዳጆች ከኮሪያ ወዳጆች ጋር ይናቆራሉ፣ አንዲት ተዋናይት መሞት ነበረባት አልነበረባትም ተባብለው የተኳረፉ ጓደኛሞች ሁሉ ነበሩ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ኢንተርኔቱ ጠፋ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ወጣት መሆን ብቻውን የሚያስጠረጥር ነገር ሆነ። ፊልም የሚያስጭን ቀርቶ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ጠፋ። እኔም ተስፋ ቆርጬ ነው የወጣሁት፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሱዳን ስደርስ እንዳልሁት ደወልሁላት። በረሃውን እንዴት እንዳለፍሁት አላወራችሁም። ሊቢያ ዳርቻ ጀልባ ልንሳፈር ስንል ደላላው ከሰልፉ ጎትቶ አወጣኝ። “አንተ ረጅም ነህ፣ የሁለት ሰው ቦታ ትይዛለህ፤ በሚቀጥለው ትሄዳለህ” አለኝ። ቁመቴን ረገምሁት። የሚቀጥለው ሳይመጣ የተደበቅንበት ቤት ተወረረና ታሰርሁ፤ ስልኬንም ወሰዱት። ያቺ ጀልባ ሰጥማ አብረውኝ ከከረሙት ልጆች አንድም እንዳልተረፈ የሰማሁት እስር ቤት ሆኜ ነው። ከዚያ እንደምንም ወጥቼ፣ በሌላ ጀልባ ተሻግሬ፣ ጀርመን ገባሁ።

የጀርመን ክረምት የኛን ክረምት እንዳይመስላችሁ። የኛ ይዘንብና ይወጣለታል፤ የዚህኛው ሰማይ የተቀየመ ሰው ፊት ነው፣ አይዘንብ አይበራ። ዓሣውስ ብትሉ? ጣና ዳር ዓሣ ከነዓይኑ፣ ከነጅራቱ ተጠብሶ ነው የሚቀርብልን። እዚህ አራት ማዕዘን ሆኖ በካርቶን ነው የሚመጣ፤ እንዲያ ያለ ዓሣ እንዴት ይዋኝ እንደነበር እግዜር ይወቀው። ስደተኞች የምንኖርበትን ቤት ሃይም ይሉታል። አንድ ቀን ለወጥ ሽንኩርት ሳቁላላ የእሳት አደጋ ደወሉ ጮኸና የሃይሙ ጠባቂ እየሮጠ መጣ።

“ምን እየሠራህ ነው?”

“ወጥ።”

“ወጥ ጭስ አያወጣም።”

“የናንተ አያወጣም” አልሁት።

“እዚህ ቤት ውስጥ ነገር ማቁላላት ክልክል ነው። በጣም ካስፈለገህ ቴርሚን ያዝ።”

ቴርሚን ማለት ቀጠሮ ነው። እዚህ አገር ለመታመምም ቴርሚን ያስፈልጋል። ሽንኩርት ለማቁላላት ግን አልሰማሁም ነበር።

ይህን ሁሉ እየሳቅሁ እችለው ነበር፣ የእናቴን ድምፅ ብሰማ። በቃሌ የማውቀው ቁጥር የእሷን ብቻ ነው፤ ስደውል ያቺ የቴሌ ሴትዮ ቁጥሩ አገልግሎት ላይ እንዳልሆነ ትነግረኛለች። ጧት ደወልሁ፣ ማታ ደወልሁ፣ ያው ሴትዮ። በስሜና በፎቶዬ አዲስ ፌስቡክ ከፍቼ አዲስ አበባ ለገባ የሰፈሬ ልጅ “ቻላቸው ነኝ፣ እማን አይተሃት ታውቃለህ?” ብዬ ጻፍሁለት። “አንተ ፈጣሪን አትፈራም?” ብሎ መለሰልኝና ዘጋኝ። ሌላው አንድ ቃል ሳይመልስ ዘጋኝ። ስደተኛ ሲባል ለምኖ የሚያስቸግር መስሏቸው ነው ብዬ አዘንሁባቸው፣ ክፉኛም ተቀየምኋቸው። እናቴን ግን ከየት ልፈልጋት? ታማ ይሆን? ሰፈሩ ምን ሆኖ ይሆን? እያልሁ እህል አልወርድ አለኝ።

ኡርሱላ የምትባል ጡረተኛ ሃይም እየመጣች ጀርመንኛ ታስተምረናለች። ለፊልም ነፍሷን የምትሰጥ ሴት ናት። ያለንባት ከተማ በየዓመቱ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ታዘጋጃለች፤ በመዝጊያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሽልማቱ ይነገርና አሸናፊው ፊልም እንደገና ይታያል። “ስለ አገርህ ሐይቅ የተሠራ ዘጋቢ ፊልምም ውድድር ላይ አለ፣ ና እንሂድ፣ ፊትህ ጠቁሯል” ብላ ይዛኝ ሄደች።

ትልቁ ሽልማት ለጣናው ፊልም ተባለ። ግማሹ አዳራሽ በጭብጨባ ተናጋ፣ ግማሹ እጁን አጣጥፎ ቀረ። ከኋላችን የተቀመጠ አንድ ጢማም ሰውዬ “እንባ ነው የሸለሙት! ሲኒማ የት አለ?” ብሎ ተነሣ፣ ደግሞ ተቀመጠ። አንገቷ ላይ የፌስቲቫል ባጅ ያንጠለጠለች ልጅ ዞራ “አንተ ልብ የለህም፣ እኔ ደጋግሜ አይቼው ደጋግሜ አልቅሻለሁ” አለችው። ስለ ተራራ የተሠራው ሌላ ፊልም ነበር የሚገባው የሚል፣ ዳኞቹ ተኝተዋል የሚል፣ ሁሉም ይንጫጫል። እኔ ደስ አለኝ፤ ሱቄ ደጃፍ ላይ የቆምሁ መሰለኝ። “ይህ የኔ ሐይቅ ነው” አልኋት ኡርሱላን፣ እንደ ባለ ርስት ኮራ ብዬ።

መብራቱ ጠፋና ጣና መጣ። ውሃውን የሸፈነው እምቦጭ፣ ደረታቸው ድረስ ገብተው በእጃቸው የሚነቅሉት ገበሬዎች፣ የሩዙ ማሳ፣ ሁሉም አገሬ ነው፤ እያየሁ አፌን ከፍቻለሁ። ከዚያ ይፋግ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ለቅሶ ተቀምጠዋል። መሬት ላይ ነጠላ ተነጥፏል። ነጠላው ላይ ጃኬት አለ። ጃኬቱ የኔ ነው። ከጃኬቱ በላይ ትልቅ ፎቶ ቆሟል፤ ሱቄ ደጃፍ ላይ የተነሣሁት ፎቶ ነው። ሬሳ ሲጠፋ እንዲህ በልብስና በፎቶ እንደምናለቅስ ታውቃላችሁ። ከዚያ ጠጉሯን የተላጨች፣ ጥቁር የለበሰች አንዲት ሴት ደረቷን እየመታች ወጣች።

ጣናን ፈርተህ ስትኖር ከዳሩ ሳትርቅ፣
የማን ባሕር በላህ እኔ የማላውቅ።

“እማ!” ብዬ ጮህሁ። “ሽሽሽ!” አለኝ አዳራሹ በአንድ አፍ። እዚህ ሰው ፊልም ሲያይ አይሳልም። “እማ! አለሁ እኮ! እማ!” እያልሁ ቆምሁ፣ ኡርሱላ በጃኬቴ ጎትታ አስቀመጠችኝ። ካሜራው የእናቴ ፊት ላይ ቆሞ ቀረ፣ አልነቃነቅ አለ። ዙሪያዬን ሰው ያነባል። ሲያልቅ ብድግ ብለው አጨበጨቡ፤ እናቴ ደረቷን ስለመታች አጨበጨቡላት። ያኔ ነው የሰፈሬ ልጆች ለምን እንደዘጉኝ የገባኝ።

እንዴት ወደ መተላለፊያው እንደወጣሁ አላውቅም። አድናቂዎቹ ክርክራቸውን ቀጥለዋል።

“ያ ፊት!” አለች ባለ ባጇ ልጅ። “ተዋናይት ብትሆን የምርጥ ተዋናይት ሽልማት የሷ ነበር።”

“ረዝሟል” አለ ጢማሙ። “እኔ ብሆን ለቅሶውን በግማሽ እቆርጠው ነበር።”

“እናቴ ናት” አልሁ።

ልጅቷ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። “ማይን ባይላይድ” አለችኝ፤ እግዜር ያጽናህ ማለት ነው። “የሰጠመው ወንድምህ ነበር?”

“እኔ ነኝ የሰጠምሁት።”

ጢማሙ ከላይ እስከ ታች አየኝና ፊቱ በራ። “አላልኋችሁም? ፊልሙ ውሸት ነው! ሽልማቱ ይመለስ!”

“እንዴት ውሸት ይሆናል? እናትየዋ የምሯን እኮ ነው ያለቀሰችው!”

“ሟቹ ቆሞ እያዋራን?”

“ባይሞትም ለቅሶው እውነት ነው!”

በላዬ ላይ ተጯጯሁ። አንዱ አብሬህ ፎቶ ልነሣ አለኝ። እኔ “ስልክ! የእናቴን ስልክ የሚያውቅ!” እያልሁ እዞራለሁ፤ የሚሰማኝ የለም። ባለፊልሞቹን ፍለጋ ጠረጴዛ ዘርግቶ የተቀመጠ የፌስቲቫሉ ሰው ዘንድ ሄድሁ።

“የጣናውን ፊልም ሠሪዎች ማነጋገር እፈልጋለሁ።”

“ቴርሚን አለህ?”

“ፊልሙ ላይ የሞትሁት ሰው እኔ ነኝ።”

ቀና ብሎ አየኝ። “ፊልሙ ላይ ከተሳተፍህ ባጅ ሊኖርህ ይገባል” አለኝ።

“ስሞት ባጅ አልሰጡኝም።”

“እንግዲያው ማስገባት አልችልም።”

ኡርሱላ ያን ቀን ጠረጴዛውን የመታችውን አመታት መቼም አልረሳውም። ጫጫታውን ሰምታ የፊልሙ አዘጋጅ አበባዋን እንደታቀፈች ወጣች። ፎቶዬ ያለበትን ፊልም ወራት ሙሉ ስትቆርጥና ስትቀጥል የከረመች ሴት ናትና መታወቂያ አልጠየቀችኝም፤ አበባው ከእጇ ወደቀ። ከስልኳ ፈልጋ የአጎቴን ቁጥር ሰጠችኝ። እናቴ ዓባይ ማዶን ለቃ ይፋግ እሱ ዘንድ ገብታለች አለችኝ።

አጎቴ መሪጌታ ልሳነወርቅ የእናቴ ታላቅ ነው። ዳዊት ያስተማረኝ እሱ ስለሆነ የኔታ ነው የምለው። ያን ማታ ብሞክር መስመር አልነበረም፤ በማግስቱ ጧት ገባልኝ።

“የኔታ፣ ቻላቸው ነኝ።”

“የቱ ቻላቸው?”

“የይታይሽ ልጅ።”

“የይታይሽ ልጅ ዐርፏል። አንተ ማን ነህ?”

“አላረፍሁም የኔታ። ጀልባዋ ላይ አልነበርሁም።”

“እንግዲያስ ቻላቸው ከሆንህ፣ እኔ ዘንድ ስትማር ጠፍተህ የት ተገኘህ?”

“ወረታ፣ ፊልም ቤት። ጆሮዬን ይዘው ነው ያወጡኝ።”

“በስመ አብ!” አለና ሽማግሌው ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ሲረጋጋ “ልጄ፣ ፍትሐት ተፈትቶልሃል እኮ። ተዝካርህን በልተናል። አገሩ ነው የበላው” አለኝ።

“ጣፈጠ?” አልሁት፤ ሳቄና ልቅሶዬ ተደባለቁብኝ። “አሁን እማን ይስጡኝ፣ የኔታ።”

ከዚያ ቀስ ብሎ ነገረኝ። “ጭንቁ እሱ ነው። ያን ጊዜ አንተ ያለህባት ጀልባ ሰጠመች ሲሉ ስንሰማ ደም ግፊቷን ፈርተን ደበቅናት። ‘ደውሎ ነበር፣ ደኅና ነው’ እያልን ሰነበትን። አላምን ስትለን የሌላውን አጎትህን ልጅ ከአዲስ አበባ አስደወልንላት፤ በአንተ ስም ‘እማ ደኅና ነኝ፣ መስመሩ አልሰማ አለኝ’ አላት። ስንት ጊዜ እየመረቀችው ተኛች መሰለህ! ኋላ መርዶውን ስንነግራት ያንንም አወቀች። የመርዶውን ነገር ይቅር ብላናለች። ያንን ስልክ ግን ይቅር አላለችንም፤ የራሷንም ስልክ ዓባይ ጣለችው። አሁን ምን ብዬ ነው የምሰጣት?”

“ይነግሯታል በቃ! ሕያው ነው ይበሏት!”

“ተሰብስበን ብንገባባት ሌላ መርዶ መስሏት ትወድቃለች። ብቻዬን ብነግራት ደግሞ አታምነኝም። አንተው ና።”

ወረቀቴ አልተወሰነም፤ ከዚህ አገር ከወጣሁ መመለሻ የለኝም፣ እዚያም ከገባሁ የሚጠብቀኝን አላውቅም። ይህን አስረዳሁት። ገባው፣ እሷ ግን እንደማይገባት ሁለታችንም እናውቃለን። ፎቶ ላክሁ፤ በመከራ ደርሶ ቢያሳዩዋት “ፎቶማ ለቅሶውም ላይ ነበራችሁ” ብላ መለሰችላቸው። እዚህ አድናቂዎቹ ኢንተርኔት ላይ እስካሁን ሽልማቱ ይመለስ አይመለስ እያሉ ይጨቃጨቃሉ፤ አንዱማ ከሞት የተነሣሁበት ሁለተኛ ክፍል ይሠራ ብሏል አሉ። እኔ አላነበውም፤ አንጀቴ አይችልም። ሽልማቱን ይመልሱት አይመልሱት፣ እናቴን የሚመልስልኝ የለም።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የኔታ ለምኖ ለምኖ ስልኩን እጇ ላይ አደረገላት።

“እማ፣ እኔ ነኝ።”

“አቤት፣ የኔ ልጅ” አለችኝ። ድምፅዋ ቀጥኗል። “ደኅና ሰነበትህ?”

“ቻላቸው ነኝ እማ! በሞቴ! ጠይቂኝ፣ እኔና አንቺ ብቻ የምናውቀውን ጠይቂኝ!”

“አልጠይቅህም” አለችኝ ቀስ ብላ። “ከጠየቅሁህ ትመልስ ይሆናል። ከመለስህ አምናለሁ። ሁለተኛ መቅበር አልችልም።”

“እማ፣ አልሞትሁም!”

“አንተም እነሱም ለኔ ብላችሁ ነው፣ አልቀየማችሁም። ያለህበት ብርድ ነው መሰለኝ፣ ድምፅህ ሻክሯል።”

ስልኩን ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

“አታልቅስ እንጂ” አለችኝ። “እናት አለችህ?”

“አለችኝ” አልኋት።

“እንግዲያ ለእሷ ደውልላት። ይሄን ጊዜ ስልክህን እየጠበቀች ነው” አለችኝና ዘጋችው።