ወባ ያልነው መጠጥ

መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው ቀኝ እጁ ነው። ወንድሜ ምናሴ ቁርስ ላይ ሻዩን አንስቶ አፉ ሳያደርስ ግማሹ ሱሪው ላይ ፈሰሰ። ገና ጠዋት ነው፣ አርባ ምንጭ እንኳ አልሞቀችም፤ እሱን ግን ላብ አጥምቆታል። እማዬ ግንባሩን በመዳፏ ነካ አድርጋ "ወባ ነው" አለች። እኔም "ወባ ነው" አልኩ። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ እኮ፤ የወባን ነገር ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ የማስተምር ሰው! እሱም አንገቱን ደፍቶ "ይሆናል" አለ።

እኛ አገር የሚንቀጠቀጥና የሚያልበው ሰው ሁሉ ወባ ይዞታል። ጎረቤት "ምነው ምናሴ ጠፋ?" ሲል "ወባ ጥሎት" ካሉት በቂ ነው፤ "እግዜር ይማረው" ብሎ መንገዱን ይሄዳል። ጤና ጣቢያ ደሙ ታየና ነፃ ነው ተባለ። እኛ ግን "ምርመራው አንዳንዴ ይስታል" ብለን መድኃኒት ገዝተን አስዋጥነው። ቀትር ላይ ተሻለው፣ ደስ አለን። ለካ ወጣ ብሎ ሁለት መለኪያ አረቄ ደፍቶበት ነው መንቀጥቀጡ የቆመለት።

ይህን የምጽፈው ቤታቸው ውስጥ እንዲህ ያለ "ወባ" ላለባቸው ሰዎች ነው። በተለይ ደግሞ ጠጥቶ በመንዳት ተፈርዶበት እያለ አውሮፕላን ማብረር ለሚመኝ ሰውና ለቤተሰቡ። "እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ የት አለ?" ትሉ ይሆናል። እኔ ቤት አለ።

ምናሴ ምህንድስና ተምሮ ወደ ካምባ በሚወስደው መንገድ ሥራ ላይ ተቀጠረ። ልቡ ግን በረራ ላይ ነበር፤ መንገዱን የሚሠራው ለበረራ ማሠልጠኛ እስኪበቃ ብቻ ነው። ሳምንቱን በአቧራ ሰንብቶ ቅዳሜ በመሥሪያ ቤቱ ፒካፕ ወደ ታችኛው የአርባ ምንጭ ሰፈር፣ ወደ ሲቀላ፣ ይገባል። መጠጡን እዚያ ለመደው። አንድ ቅዳሜ ወደ ላይኛው ሰፈር ወደ ሴቻ በሚወጣው አቀበት ላይ ባጃጅ ገጨ፤ የባጃጁ ሹፌር እግሩ ተሰበረ። ተፈረደበት፣ መንጃ ፈቃዱ ታገደ፣ ከተጎጂው ጋር ሽማግሌ ገብቶ ታረቁ። እማዬ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች "ፍሬን እምቢ ብሎት ነው" አለቻቸው። አባታችን እስኪሞት ድረስ ወንጌላዊ ነበር። የወንጌላዊ ልጅ ሰከረ ከሚባል መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለች።

እገዳው አልቆ መንዳት በጀመረ በዓመቱ ከከተማ ወጣ ብላ ባለችው ላንቴ አጠገብ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመው። ትንፋሹ ተለካ። ማንም አልተጎዳም፤ ግን ሁለተኛው ስለሆነ ቅጣቱ ከበደ፣ ሥራውንም አጣ።

ያን ጊዜ እማዬ ቆረጠች። "ደጋ፣ ጨንቻ አጎቱ ቤት ይውጣ። በር ዘግተን በጾም በጸሎት እንያዝለት። ጠብታ እንዳይቀምስ!" ምናሴም እሺ አለ። እውነቱን ልናገር፣ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ወጣን። በሩ ተዘጋ። መጠጡም በአንድ ጊዜ ቆመ።

በማግስቱ ተንቀጠቀጠ። እንቅልፍ አጣ። "ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይሄዳል" አለ። ጉንዳን አልነበረም። አጎታችን ጸሎቱን አጠነከረ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ገንፎ አቀረብኩለት። ዓይኑ ወደ ላይ ተገለበጠ። ወደቀ። ሰውነቱ ድርቅ አለ። ከዚያ ይርገፈገፍ ጀመር። ምላሱን ነከሰ። ደም አየሁ። አጎታችን "እየለቀቀው ነው! እየወጣ ነው!" ይላል። እኔ የማየው ወንድሜ ሲሞት ነው። ጮህኩ።

መኪና ተገኝቶ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ስንወርድ ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ ነበር። እማዬ ከፊት ሆና ለሹፌሩ "ወባ ወደ ጭንቅላቱ ወጥቶበት ነው" ትለዋለች። አፏን መዝጋት አማረኝ። እናቴ ናት፤ የወንድሜን አፍ በነጠላዬ ጠረግኩ።

ሆስፒታል የተቀበለችን ወጣት ዶክተር ናት። ደሙ ለወባ ተላከ፣ ነፃ ሆኖ መጣ። ዶክተሯ እማዬን "እናቴ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣው መቼ ነው?" አለቻት።

"ልጄ አይጠጣም።"

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች። "እህቱ ነሽ? ከዋሻችሁኝ ይሞትብናል።"

"በየቀኑ ይጠጣል" አልኩ። "አረቄ። ከትናንት ወዲያ በር ዘግተን አስቆምነው።"

እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ዶክተሯ ግን አልተቆጣችም። "አልኮል ዊዝድሮዋል ይባላል" አለች። "አንጎሉ ከአልኮሉ ጋር መኖር ለምዷል። ድንገት ሲቀርበት ይታወካል። ያያችሁት ሴይዠር፣ የሚጥል መንዘፍዘፍ ነው። ማቆሙ ደግ ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ሰው የሚያቆመው በሐኪም እጅ ሆኖ ነው።"

ዲያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ በደም ሥሩ ሰጡት። ታያሚን የሚሉት ቫይታሚንም ተጨመረለት። ያም ሆኖ ዲሊሪየም ትሪመንስ የሚሉት ከባድ መቃዠት ውስጥ ገባ። እኔን አላወቀኝም። እማዬን ፖሊስ ናት አላት። እንዳይወድቅ አልጋው ላይ አሰሩት። ለቀናት እንዲህ ሆነ። አንድ ከሰዓት "አስቴር፣ ውሃ ስጪኝ" ብሎ በስሜ ሲጠራኝ አስታማሚዎቹ ሁሉ እያዩኝ አለቀስኩ።

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም ነው፤ የአእምሮ ሐኪም በየወሩ እያየው፣ እንደሱ ካቆሙ ሰዎች ጋር እየተሰበሰበ፣ ላንቴ የአክስታችን ልጅ እርሻ ላይ ሙዝ እያስጫነ ቀስ በቀስ ሰው ሆነ። እኔ ማታ ማታ ሲገባ ስስመው አፍንጫዬ ይቀድማል። እሱም ነቅቶብኝ "ትራፊኳ መጣች" እያለ ያሾፍብኝ ነበር። በመስቀል ሰሞን ደጋ ወጥቶ ዘመድ "ለበዓል እንኳ!" ሲለው ጠጣ፤ ሰነበተበትም። ያኔ ግን በር አልዘጋንም፤ ይዘነው ሐኪሙ ዘንድ ሄድን፣ እዚያው ተኝቶ አቆመ፣ ከዚያ ወዲህ አልቀመሰም።

ዓመታት አለፉና አንድ ቀን "ለበረራ ማሠልጠኛ አመለክታለሁ" አለኝ። "እንኳን አውሮፕላን ባጃጅ የሚሰጥህ የለም" አልኩት። ሳቀ፣ ግን አመለከተ። ለአብራሪዎች የጤና ምርመራ አዲስ አበባ ተጠራ፤ በቅርብ የሚያውቀው የቤተሰብ ሰው ይዞ እንዲመጣ ስለታዘዘ እኔም ሄድኩ። ስንነሳ እማዬ በር ላይ ያዘችው። "ያን መንዘፍዘፍ ከጠየቁህ ወባ ነበር በል። አርባ ምንጭ ያደገ ሰው ወባ ያዘው ቢባል ማን ይጠራጠራል?" ምናሴ ጉንጯን ስሟት ቦርሳውን አነሳ።

መርማሪው ዶክተር ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ምናሴ ሁለቱንም ፍርዶች ሳይጠየቅ ነገራቸው። "ፍርዱ ብቻውን በሩን አይዘጋብህም" አሉት። "እኔ የማየው ከፍርዱ ጀርባ ያለውን በሽታና አሁን የት እንዳለህ ነው።" የጉበት ምርመራው ጥሩ ነው አሉ። የአእምሮ ሐኪሙን አስተያየት አነበቡ። ልቤ ቀለል አለኝ። ቀጥለው "ሴይዠር አጋጥሞህ ያውቃል?" አሉት።

"አንድ ጊዜ" አለ። "ወባ ነበር።"

ወደ እኔ ዞሩ። "ያን ጊዜ እርስዎ አብረውት ነበሩ?"

"ነበርኩ።"

"ወባ ነበር?"

ምናሴ አላየኝም። መሬቱን ያያል። "አዎ" ማለት ነው፣ አንድ ቃል። ሕልሙ ሁሉ እኔ አፍ ውስጥ ነው። ምን ይዋጠኝ? አንድ ቀን መሪ ይዞ እንደዚያ ቢገለበጥ፣ ከኋላው የተቀመጡት ሰዎችስ?

"ወባ አልነበረም" አልኩ። የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ።

ዶክተሩ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "ለዛሬ ብቁ አይደለህም። የአንጎልን ሞገድ የሚያሳየውን ኢኢጂ ትነሳለህ፣ ነርቭ ሐኪም ያይሃል፣ በክትትል ሥር ገና ትቆያለህ። ከዚያ ተመለስ። ይፈቀዳል ብዬ ግን ቃል አልገባልህም።" ፋይሉን አጥፈው "ጠጥቶ ያቆመ ሰው አያስፈራኝም፤ ታምሞ የሚደብቀኝ ነው የሚያስፈራኝ" አሉ።

ደጅ ስንወጣ ምናሴ "ገደልሽኝ" አለኝ። መንገዱን ተሻገረ። ስልኩን ዘጋ።

ያረፍንበት ፔንሲዮን በር ላይ ተቀመጥኩ። ከተማው ሁሉ ግሮሰሪ ሆነብኝ። "ጌታዬ፣ ብቻ አይቅመስ" እላለሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ መጣ። ፊቴ ቆሞ ተነፈሰብኝ። "አሽትቺ። አልጠጣሁም። ላናግርሽ ግን አልችልም።" እስከ አርባ ምንጭ ድረስ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ቃል አልተለዋወጥንም። ከዚያም በኋላ ወራት አኮረፈኝ። ያ ኩርፊያ ከሆስፒታሉ ይልቅ ጎዳኝ።

ሳያማክረኝ ኢኢጂውን ተነሳ፣ ነርቭ ሐኪም ዘንድ ተመላለሰ። ሁለተኛው ምርመራ ላይ ለቤተሰብ ምስክርነት አጎታችንን ይዞ ሄደ። ሲመለስ ወጥ ቤት ገብቶ አጠገቤ ቆመ። "በዚህኛው እኔው ነገርኳቸው" አለኝ። "አልኮል ነበር፣ ወባ ያልነው አፍረን ነው አልኳቸው።" አቀፍኩት። እማዬ ከሳሎን ትሰማለች፤ አልተቃወመችም።

እንግዲህ እንደኛ ላላችሁ የምለው ይህ ነው። ጠዋት ተንቀጥቅጦ ወጣ ብሎ ሲመለስ የሚሻለው ሰው ካላችሁ ወባ ነው አትበሉ። ጸልዩለት፣ እኛም እንጸልያለን፤ ግን ሐኪም ሳያየው በር ዘግታችሁ አታስቁሙት። ሐኪም ሲጠይቃችሁ ለስማችሁ አትሳሱ። በረራ ለሚመኘው ደግሞ፦ ፍርድህን ሳትጠየቅ ንገራቸው፣ በሽታህንም አብረህ ንገር። እኛን ላተረፈችው ዶክተር፣ ላልሸነገሉን መርማሪ፣ ውሃ ያቀብሉን ለነበሩ አስታማሚዎች እግዜር ውለታቸውን ይክፈል።

ውሳኔው ገና አልመጣም። ባለፈው ሳምንት ድፍረት አግኝቼ "ባይፈቅዱልህስ?" አልኩት።

ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "በጣም ይከፋኛል" አለ። "ግን አልጠጣም።"

አልጠጣም ሲለኝ ስንት ዘመን ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን አመንኩት።