የጆንያ መርፌው የጠፋ ዕለት

ፖሊሶች የመጡት ልጄን ፈልገው ነበር። እኔ ጓሮ ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር። ልጄ ከቤት ከወጣ ሰንብቷል፤ የት እንዳለ አላውቅም አልኳቸው፤ እውነቴን ነበር። ትሕትና ያለው የሚመስለው አንደኛው «እንግዲያው እሱ እስኪመጣ እርስዎ እኛ ዘንድ ይቆያሉ» አለኝ። እጄን እንድታጠብ ፈቀዱልኝ። ነጠላዬን ደረብኩና በባጃጅ ሄድን። ባለባጃጁ የሰፈራችን ልጅ ነው። በመስታወቱ አንዴ አየኝና ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከመንገዱ ላይ አላነሳም።

ክፍሉ ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ሽታው ከሲሚንቶው አልለቀቀም፤ ዓይን ያቃጥላል። መስኮቱ ከፍ ያለና ጠባብ ነው። ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ጥጉ ላይ አንዲት ሴት ትንሽ ሴት ልጅ ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ይዛለች። ሰላምታ ከመስጠቴ በፊት ያየሁት እነሱን ነው። እኔ ልጄ የት እንደሚያድር አላውቅም፤ እሷ ግን ልጇን እስር ቤት ድረስ ይዛ ገብታለች። በዚህ ነገር ጤነኛ ሰው አይቀናም። እኔ ቀናሁ።

ሴትዮዋ ከአንገር ጉቲን ነበረች። ወላጆቿ በሰፈራው ዘመን ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እሷ የተወለደችው እዚያው ቆላ ነው። ባሏ ሲፈለግ ታጣና እሷን አመጧት፤ ሲይዟት ልጅቷን የምትተውለት ሰው አጠገቧ ስላልነበረ አብራት ገባች። ከእነሱ ሌላ ቢላ ከምትባል ከተማ የመጣች ጨዋታ አዋቂ ነጋዴ ሁለት ሕፃናት ይዛ ነበር። ሦስቱ ልጆች ቀኑን ሙሉ በሰው እግር ላይ ይረማመዳሉ፣ ይጣላሉ፣ ያለቅሳሉ።

ወንድሜ ምግብ ሊያቀብለኝ ሲመጣ ክፍሉ እንደሚበርድ ሰምቶ የራሱን ባርኔጣ አውልቆ ላከልኝ። ቡናማ፣ ወፍራም የሱፍ ባርኔጣ ነው። አሁን በመደብር ፌልት የሚሉት ጨርቅ ማለት ነው፤ በድርና ማግ አልተሠራም፣ ሱፉ ተጠቅጥቆ ነው የተያያዘው። ስለዚህ የትም ቢቆረጥ ጠርዙ አይተረተርም። በቤተ ክርስቲያናችን መዋዕለ ሕፃናት ብዙ ዘመን ልጆችን የእጅ ስፌት አስተምሬያለሁና ባርኔጣውን ስጨብጠው ራሴ ላይ ማድረግ አልታየኝም።

ተረኛዋን ሴት ፖሊስ መርፌና መቀስ ጠየቅኋት።

«አዴ፣ እስር ቤት እኮ ነው ያሉት» አለችኝ፤ አዴ በኦሮምኛ እናቴ እንደማለት ነው።

«ልጆቹም ያሉት እዚሁ ነው» አልኳት።

ባርኔጣውን ተቀብላኝ ወጣች። ቢሮ ውስጥ ራሷ ቆራርጣው፣ ቁርጥራጩን ከአንድ የጆንያ መርፌ ጋር ይዛልኝ ተመለሰች። መርፌው ወፍራም፣ ጫፉም ደነዝ ስለሆነ ለልጅ ጣት ይሻላል። «ማታ ከቆጠራ በፊት እጄ ይግባ» አለች። «ከጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ። እርስዎንም ከዚህ ክፍል አንስተው ሌላ ጣቢያ ነው የሚወስዱዎት።»

ክሩን ከሹራቤ እጅጌ ተረተርኩ። ልጆቹን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ መርፌውን በየተራ አስያዝኳቸው። መርፌው ከታች ወደ ላይ ይወጣል፣ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ደግሞ ይገባል። ክሩን ቀስ ብሎ መሳብ እንጂ መንጠቅ የለም። የነጋዴዋ ልጆች ቶሎ ሰለቹ። የጉቲኗ ልጅ ግን ምላሷን በአፏ ጎን አውጥታ፣ ትንፋሿን ይዛ ትሰፋለች። ሲጠምምባት ፈትታ ትጀምራለች። ፌልት ላይ ስፌቱን ከፈቱት በኋላ ቀዳዳው ብዙም አይታይም፤ የልጅን ስሕተት ይሸፍናል።

ከነጋዴዋ ልጆች ሰምታ እሷም እንደ እነሱ «አኮ» ትለኝ ጀመር፤ አያቴ ማለት ነው።

«እማማ፣ ልጄ እኮ አያት አላት» አለችኝ እናቷ አንድ ቀን። «ጉቲን ናት፤ በሕይወት አለች።»

ነጋዴዋ ሳቀች። «ሁለት ላም የምትጠባ ጥጃ አየን! ተያት ትወፍርበት።»

«የኔን ጥጃ አንዲት ላም ትበቃታለች» አለች እናቷ። እሷ አልሳቀችም።

ልጅቷ ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የምትፈልገው እኔን ነበር። እናቷ ይህን ታያለች፤ እኔም ማየቷን አያለሁ፤ ደስ ይለኝ ነበር። ሲመሽ ግን ልጅቷ ወደዚያ ብብት ትመለሳለች። ያኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። ቀኑ የእኔ፣ ሌሊቱ የእሷ ነበር፤ ሁለታችንም የሌላዋን ድርሻ እንመኝ ነበር።

ስፌቷ ሲቀና ልጅቷን አንገት ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ኪስ አስጀመርኳት። ሁለት ቁራጭ ገጥሞ ጠርዝ ጠርዙን በክር እየጠቀለሉ መሄድ ነው። አንድ ጎን ብቻ ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ እንቅልፍ ወስዷቸው ሳለ፣ እጄን ልታጠብ ወጣሁ። ስመለስ ኪሱ አለ፤ መርፌው የለም።

ሴቶቹ ሁሉ ተነሥተው ምንጣፋቸውን አራገፉ። የጉቲኗ ሴት ብቻ አልተነሣችም። እግሯን ዘርግታ፣ ነጠላዋን እስከ ጉልበቷ ጥላ ተቀምጣለች። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም አቀረቀረች።

ፖሊሷ ከወትሮው ቀደም ብላ መጣች። «መርፌው?»

ልጅቷ ነቅታ እናቷ አጠገብ ተቀምጣለች፤ የምታየው ግን እኔን ነው። አንድ ቃል ብናገር እናቷን በልጇ ፊት አስነሥተው ይፈትሿታል። ካልተናገርኩ ደግሞ እኔ ከዚያች ልጅ እለያለሁ።

«ከእኔ እጅ ነው የጠፋው» አልኩ።

«አዴ! ምን ብዬዎት ነበር?»

«ያልሽኝን አስታውሳለሁ።»

«የወንዶቹን ቆጥሬ እመለሳለሁ። ያኔ ከሌለ ዕቃዎን ይሰብስቡ» ብላ በሩን ቆለፈችው።

ሄጄ ሴትዮዋ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ልጄን ወሰዱብኝ» አለች፣ እኔ ሳልጀምር።

«የት እወስዳታለሁ? በሩ ተቆልፏል።»

ልትስቅ ብላ ተወችው። «በእንቅልፏ እንኳ አንቱን ነው የምትጠራ» አለች ቀስ ብላ።

ይህን ቃል ለብቻዬ ይዤው ብቀመጥ በወደድኩ። ጊዜ ግን አልነበረም።

«ኪሱ አንድ ጎን ቀርቶታል» አልኳት። «እሱን የምታሳያት አንቺ ነሽ። እኔ ለአንቺ፣ አንቺ ደግሞ ለእሷ። ያለ መርፌ ግን አይሆንም።»

«የኔ እጅ ማጭድ እንጂ መርፌ መች ያውቅና!»

«ይለምዳል።»

ኮሪደሩ ላይ የቁልፍ ድምፅ ሲሰማ የነጠላዋን ጥለት ገልበጥ አድርጋ መርፌውን መዘዘችና ጭኔ ላይ አኖረችው። ነጋዴዋ አይታለች፤ ፊቷን ወደ ልጆቿ አዞረች። ፖሊሷ መርፌውን ስትቀበለኝ የት እንደተገኘ ጠየቀችኝ።

«ጨርቅ ውስጥ» አልኩ።

በማግሥቱ ፖሊሷ መርፌውን መልሳ ሰጠችኝ፤ ልጅቷ ስትተኛ እናቷን አስተማርኳት። ጣቷ ሻካራ ስለነበር ክሩ ይይዘዋል። ሦስት ጊዜ ሰፋች፣ ሦስት ጊዜ ፈታች፤ ላብ ግንባሯ ላይ ወጣ። ልጅቷ ስትነቃ እናቷ ኪሱን ይዛ «ነይ እቴ፣ የቀረውን እኔ ላሳይሽ» አለቻት።

ልጅቷ ጥቂት አየቻትና ወደ እኔ ዞረች። «አኮ እንዲህ አይደለም የምታደርገው» አለቻት እናቷን።

ልክ ነበረች። እናቷ ክሩን የምታዞረው እኔ ካሳየኋት በተቃራኒ ነበር። የክፍሉ ሴቶች ሁሉ ምን እንደምመልስ ይጠብቃሉ። እናቷ መርፌውን እንደያዘች ቀርታለች፤ ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች።

«እናትሽ እንዳሳየችሽ አድርጊ» አልኩ። «እንደዚያም ይሰፋል።»

ልጅቷ ትንሽ አመነታችና የእናቷን ጭን ተደግፋ መስፋት ጀመረች። እኔ የተረፈውን ክር ጣቴ ላይ እጠቀልል ነበር፤ ሌላ የምሠራው አልነበረኝም። ከዚያ ወዲያ ቀኑም የእሷ ሆነ።

እነሱ ከእኔ ቀድመው ተፈቱ። ልጅቷ ኪሱን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በሩ ላይ እጇን አውለበለበችልኝ። እኔንም ከጊዜ በኋላ ምክንያቱን ሳይነግሩኝ ይሂዱ አሉኝ። ስለ ልጄ እስካሁን የሰማሁት የለም። ማታ በሩን የምዘጋው ቆይቼ ነው።

በቅርቡ ሴትዮዋ ለሕክምና ነቀምቴ መጥታ፣ ሰው ጠይቃ ቤቴን አገኘችው። ልጅቷ አብራት ነበረች፤ ቁመቷ የእናቷን አልፏል። ከአንድ ሁለት ቃል በኋላ አለማስታወሷ ገባኝ፤ እንግዳ እንደሚያይ ሰው በአክብሮት ነው የሳመችኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰፈሩ ልጆች የማዘጋጀው ባለ ቀለም ፌልት ነበር። አንዱን ቁራጭ አንሥታ ጠርዙን ዳሰሰችው።

«ይሄን እኔም እችላለሁ» አለች። «ትንሽ ሆኜ እናቴ ናት ያስተማረችኝ።»

እናቷ ልትናገር አፏን ከፈተች። ቀደምኳት።

«ጥሩ አድርጋ ነው ያስተማረችሽ» አልኩ።

ሴትዮዋ እስኪሄዱ ድረስ ቀና ብላ አላየችኝም። ስንሰነባበት እጄን ይዛ ቆየች፤ እኔም አልሳብኩትም። ከሄዱ በኋላ ቁርጥራጮቹን ሳልሰበስብ ተቀመጥኩ። ከዚያ ክፍል የእኔ የምለው አንድ ነገር ቢኖር ያችን ልጅ መስፋት ማስተማሬ ነበር።

አሁን ቅዳሜ ልጆቹ ሲመጡ እናቶቻቸውንም አጠገባቸው አስቀምጣለሁ። ልጅ ሲሳሳት መጀመሪያ እናቱ ታርመው እላለሁ። ደስ ብሎኝ አይደለም።