በሃምሳው የጾሙት አባቴ

ከማስተምርባት ከኩልመስክ የወጣሁት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። በቦርሳዬ አንድ ሸሚዝ፣ ጥቂት በሶና ያላረምኋቸው የተማሪዎች ደብተሮች ነበሩ። ደብተሮቹን ለምን እንደያዝሁ እስካሁን አላውቅም። የወጣሁበትን ምክንያት ግን ባጭሩ ላስረዳ። ካድሬው ለውትድርና የሚሄዱ ተማሪዎችን መርጬ ስም ዝርዝራቸውን እንዳመጣ አዘዘኝ። «ዕድሜያቸውን አላውቅም» ስለው፣ «ቁመታቸውንስ ታያለህ አይደል?» አለኝ። የልጆቹን ስም ከምጽፍ የራሴን እግር ማንሳት ይሻለኛል አልሁ።

በመንገዴ አባዬን ለመሰናበት ጎራ አልሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ የሚኖሩት ብቻቸውን ነበር። «ለስብሰባ ኮን ከተማ ልሄድ ነው» ብዬ ዋሸኋቸው። ጉልበታቸውን ስስም መረቁኝ። ቦርሳዬን ሳነሳ ደግሞ ቀና ብለው «ወዴት ነው ልጄ?» አሉና እንደገና ከመጀመሪያው ጀምረው መረቁኝ። እኔም ሁለት ምርቃት ማግኘቴን እንደ ስንቅ ቆጥሬ ወጣሁ።

ስለ መንገዱ ብዙ ሰው ስለተናገረ አልደግመውም። ሱዳን ገብቼ ገዳሪፍ ስደርስ ስደተኛ የሚመዘግበው ሰው አማርኛን ከነጋዴዎች የለቀመ ነበር።

«ሥራህ?»

«የጂኦግራፊ መምህር።»

«እንግዲያ መንገድ ጠፍቶህ አይደለም የመጣኸው። የምትጦረው ሰው አለህ?»

«አባት አሉኝ። ግን ራሳቸውን የቻሉ ናቸው። ጾመኛ ስለሆኑም ብዙ አይፈልጉም።»

«ጥሩ አባት ነው» አለ ቀና ሳይል እየጻፈ፣ «የማይበላ።»

አብሬው ሳቅሁ።

ካርቱም ውስጥ ሲት ዘይነብ የምትባል ነርስ ግቢዋ ውስጥ አንዲት ክፍል ሰጠችኝ፤ እሷ ሆስፒታል ስትውል አባቷን ሐጅ ዑስማንን እንድጠብቅላት ነው። እዚህ የላስታን ውርጭ የሚያስናፍቅ ሙቀት አለ፤ ሀቡብ የሚሉት አቧራ ሲነሳ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ኪስራ የሚባል እንጀራ አላቸው፤ ዓይን የለውም፣ ከደብተር ወረቀት ይሳሳል። ብቻ ይበላል፤ ሰው ምን የማይለምደው አለ።

አንድ ቀን ሲት ዘይነብ ከሥራ እንደገባች «አባቴ በልቷል?» አለችኝ።

«በልተዋል። ራሳቸው ነግረውኛል።»

የሳህኑን ክዳን አነሳች። ፉሉ አልተነካም፤ ላዩ ደርቆ ቆዳ አውጥቷል።

«አስተማሪ ነኝ አላልህም? ተማሪ ‹አጥንቻለሁ› ሲልህ ደብተሩን አታይም?» አለችኝ። ቀጥላም ቁጭ አድርጋ አስተማረችኝ። መብላቱን የሚረሳ፣ አንዱን ነገር ደጋግሞ የሚጠይቅ፣ ልብሱን የማይቀይር፣ እጁ የገባውን ለአላፊ አግዳሚው የሚሰጥ ሽማግሌ ብቻውን መዋል የለበትም። አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ፣ አጠገቡ መኖር አለበት።

እሷ ስትናገር እኔ የማየው አባዬን ነበር። በኛ አገር መብል የተወ ሽማግሌ ጾመኛ ነው። ጋቢው የቆሸሸ ደግሞ ዓለምን የናቀ ነው። አባዬ የዘር ገብሳቸውን ሳይቀር ለመንገደኛ ሲሰጡ መጽዋች ተባሉ። ሁዳዴን ጾሙ፤ ይሁን። ፋሲካ አልፎ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት በሃምሳውም ሳይቀምሱ ይውሉ ነበር። መንደሩ፣ ታላቅ እህቴም ጭምር፣ «በቅተዋል» አለ። በሃምሳው ጾም እንደሌለ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው እኔም ኮራሁባቸው።

ሙጃ ሄዳ ላገባችው ለዚህችው እህቴ፣ ለእትዬ የሺ፣ ምልክቶቹን ከአንድ እስከ ሰባት በቁጥር ዘርዝሬ ጽፌ በነጋዴ እጅ ላክሁላት። ወልድያ ቴሌ ወርዳ ስልኬን የምትጠብቅበትንም ቀን ቆረጥሁላት። በቀኑ መስመሩ ብዙ ካንገራገረ በኋላ ድምፅዋ መጣ።

«ደብዳቤው ደረሰሽ?»

«ደርሷል። ልጄ ቁጥር በቁጥር አነበበልኝ።»

«እንግዲህ እትዬ፣ የአባዬ ነገር ጾም አይደለም። በመጀመሪያ ደረጃ…»

«ወንድምዓለም» ብላ አቋረጠችኝ፤ ሰው ይሰማል ብላ ስሜን አልጠራችም። «አንተ በሄድህ በወሩ ቤቴን ትቼ እሳቸው ዘንድ ገብቻለሁ። ማን የሚያጎርሳቸው ይመስልሃል? ማን የሚያጥባቸው?»

«ታዲያ ለምን ጾም ነው፣ በቅተዋል ስትዪ ነበር?»

«ለሰው ነዋ። ያን የመሰለ ሰው ሕፃን ሆነ ይባል? አንተማ አውቀህ የሄድህ መስሎኝ።»

እኔም መስመሩ ሳይቆረጥ ያው የለመደብኝን አልሁ። «አሁንም የምታዪውን ምልክት ሁሉ ብታስጽፊልኝ…»

«ምልክቱስ ሞልቷል፤ የታጣው ሰው ነው» አለች። «ሌሊት ተነስተው በሬ ልጥመድ ይላሉ። ባሌ ወይ ተመለሺ ወይ ቅሪ ብሎ ሽማግሌ ልኮብኛል። ዛሬም ለጎረቤት አደራ ብዬ ነው የወረድሁት፤ ያቺም ልጆች አሏት። አንተ መቼ ነው የምትመጣው?»

ለምን መምጣት እንደማልችል ማስረዳት ጀመርሁ።