የትሁን ስም

ሰሞኑን መሥሪያ ቤታችን የተቀጠረች አንዲት ወጣት ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዙራ፣ «አማርኛው ቁጥር ሆኖ ወጣብኝ» አለችኝ። ከባድ ነገር አልነበረም፤ ሳሳያት ሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አልሆነልኝም። ደብረ ታቦር ፕሮግራሚንግ የተማርኩበት ጊዜና የሐምሌው ጭጋግ መጣብኝ።

ጓደኛዬ ሰይድ ገበያው ዳር እብነ በረድ ይሸጥ ነበር። በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቅረጫ ማሽን ባስመጣ ሰሞን፣ የመጀመሪያውን የመቃብር ድንጋይ ያዘዙት ጋሽ አያሌው የሚባሉ የጉና ገበሬ ነበሩ። ትሁን የምትባል ልጃቸው ታማ ሞታ ነበር፤ ድንጋዩን ሊወስዱ የመጡት በአርባ ቀን ተዝካሯ ዋዜማ ነው። ከቤታቸው ፊደል የቆጠረችው እሷ ብቻ ነበረች።

ስክሪኑ ላይ ስሟ በደንብ ተጽፏል። ማሽኑ ጨርሶ ሰይድ ነጩን ብናኝ በእርጥብ ጨርቅ ሲጠርገው ግን፣ ድንጋዩ ላይ የወጣው \u1275\u1201\u1295 ነበር። ደውሎ አስጠራኝ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ኮምፒውተር እያንዳንዱን ፊደል በቁጥር ነው የሚይዘው፤ የማሽኑ ፕሮግራም ቁጥሩን ወደ ፊደል መመለስ ሲገባው እንዳለ ቀርጾታል።

«ድንጋዩን ገልብጠው፤ ስሟን እንደ ሥዕል አድርገን ለማሽኑ እንስጠው» አልኩት። ሥዬ ጨርሼ ማሽኑ ሊነሣ ሲል መብራት ሄደ።

ጠበቅን። ጋሽ አያሌው ቋጥረው ያመጡትን ቅቅል ድንች በዳጣ አቀረቡልን። ቀዝቅዟል፤ ግን ከሐዘንተኛ እጅ እንዴት እምቢ ይባላል? ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሰይድ በየመሀሉ ማብሪያውን ይጫናል።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ አያሌው ተነሡ። «ወንዙ ሳይሞላ ልሂድ» አሉና ድንጋዩን ዳሰሱት። «ስሟ የቱ ጋ ነው?»

ሰይድ አቀረቀረ። «ጋሼ፣ የወጣው ስሟ አይደለም፤ ማሽኑ አበላሸብን» አልኳቸው።

«ምን ይላል ታዲያ?»

«ለሰው ምንም አይል።»

ደጅ ወደታሰረችው በቅሏቸው ዞሩ። «በሉ ጫኑልኝ። ባዶ እጄን ገብቼ እናቷን ምን እላታለሁ?»

በቅሎዋ ላይ ጫንንላቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው በጭጋጉ ውስጥ ሄዱ። መብራቱ የመጣው ከሄዱ በኋላ ነው። ሰይድ ሌላ ድንጋይ ቀርጾ፣ መጥተው እንዲወስዱት በገበያተኛ መልእክት ቢልክባቸውም ተመልሰው አልመጡም።

ዛሬ በየኪሱ ያለው ስልክ አማርኛችንን አሳምሮ ያሳያል፤ ወጣቶቹም እንደ ተራ ነገር ያዩታል፤ እሰየው። እኔም ከዚያ ወዲህ ብዙ ፕሮግራም አቃንቻለሁ። ያን ቀን ግን መፍትሔው እጄ ላይ እያለ፣ ሰውዬው የልጃቸው ስም የሌለበትን ድንጋይ ይዘው ሲሄዱ ቆሜ አየሁ። እናቲቱም ፊደል አታውቅም ነበር። ድንጋዩን ተቀብላ ስትስመው ይታየኛል፤ የሚነግራት ሰው ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም።