ሸህ እንድሪስ ኪታባቸውን የዘጉ ቀን

ባለፈው ጥቅምት ሮቢት ከተማ ላይ ሚኒባሳችን ቆም ባለች ጊዜ፣ አንዲት ሴት በመስኮት ያስገባችው የተጠበሰ የማሽላ እሸት ጢሱ እንዳለ አፍንጫዬን መታውና፣ አጠገቤ ያሉት ተሳፋሪ ሲከራከሯት እኔ በሐሳብ ቆቦ ዳር ወደነበረችው የልጅነት ቁርአን ቤታችን ሄጄ ነበር።

ቁርአን ቤት እንበላት እንጂ የቁርቁራ ዛፍ ጥላ ነበረች። ሃያ የምንሆን ልጆች ሎሃችንን፣ ያቺን የምንጽፍባትን ጣውላ፣ ጉልበታችን ላይ አስደግፈን እየተወዛወዝን ስንቀራ፣ ሸህ እንድሪስ ዓይናቸውን ጨፍነው ከሃያው ድምፅ የተሳሳተውን ይለዩ ነበር። አንድ ቀን ከኪታባቸው ቀና ብለው፣ «ኢንሳኑል ካሚል፣ ሙሉ ሰው ማለት እንዴት ያለ ነው?» አሉን። አንዱ ቁርአን ያኸተመ፣ ቀርቶ የጨረሰ አለ፤ እኔ ሶላት የማያሳልፍ አልሁ፤ የአክስቴ ልጅ ከድር፣ ረጅም ሰው ነው ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።

«ነገ እነግራችኋለሁ» አሉ።

በነጋታው ግን ግሪሳ ወረደ። ያ ወፍ ሲመጣ ሰማዩ ይጠቁራል፤ የደረሰ ማሽላ በግማሽ ቀን አገዳው ብቻ ይቀራል። ክርስቲያኗ ጎረቤታችን እት ዘነቡ ነጠላዋ መሬት እየጎተተ መጣች፤ ባሏ ወልድያ ሆስፒታል ተኝቷል፣ ልጆቿ ገና ማማ ላይ መውጣት አይችሉም።

«ሸሆች፣ ማሽላዬን ጨረሰብኝ!»

ሸሁ ኪታቡን ዘጉ። «ሎሃችሁን አስቀምጡ፣ ተነሱ!»

እስኪመሽ ወንጭፍ አስጮህን፣ ቆርቆሮ ደበደብን፣ ድምፃችን ተዘጋ። ቀትር ላይ ከወንዙ ማዶ ያለው የሸሁ ማሳ ትዝ አለኝ።

«ሸሆች፣ የእርስዎስ?»

«እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ሐዋዬ። እሷ ዘንድሮ ማን አላት?» አሉና ወንጭፋቸውን አዞሩ።

የእሳቸው ማሳ አገዳ ሆኖ ቀረ። ሚስታቸው፣ «ኪታብ እንጂ ማሽላ የሚጠብቅ ባል አላህ አልሰጠኝም» እያሉ ሳምንቱን ሙሉ አጉረመረሙ፤ አዝመራው ሲገባ እት ዘነቡ አንድ ጆንያ አሸክማ ብትመጣ፣ ሸሁ «አይሆንም» ብለው ሳይጨርሱ ጆንያው ጓዳ ገብቶ ነበር። ያቺን «ነገ» ያሏትን እሳቸውም አላነሷት፣ እኛም አልጠየቅን።

ሸሁ ካለፉ ቆዩ። ዛሬ እኔ መምህርት ነኝ፤ ወንበርና ሰሌዳ ባለው መድረሳ የሙሉ ሰውን ባሕርያት በተራ ቁጥር አስጽፋለሁ፣ ልጆቹም ሳያዛንፉ ይመልሱልኛል። አምና እያስተማርኩ ሳለ የጎረቤቴ ልጅ በር ላይ ቆማ፣ «እትዬ፣ እማዬ ወደቀች፣ የሚያግዘኝ አጣሁ» አለችኝ።

«እሺ የኔ ልጅ፣ ትንሽ ጠብቂኝ፣ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ነው።»

ደወሉ ሲደወል ብወጣ በሩ ላይ ማንም የለም። እናቷን ሌሎች አንስተዋት ኖሯል፤ አልሐምዱሊላህ፣ ድናለች። ልጅቱም አልተቀየመችኝም፣ ባገኘችኝ ቁጥር ሰላም ትለኛለች። ብቻ ከዚያ ቀን ወዲህ ምንም ነገር ጠይቃኝ አታውቅም።